የሱሉልታው ዘይት ቤት፦ ምን አስጨመቅኩ፣ በምንስ ተጣላን

ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ትይዛላችሁ። የእንጦጦን ትከሻ ተሻግራችሁ የጎጃሙ መንገድ ሜዳው ላይ ሲዘረጋና ብርዱ ጆሯችሁን መቆንጠጥ ሲጀምር «ወራጅ አለ» በሉ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው፤ ክረምት ከሆነ ግን ባጃጁ ጭቃውን አይቶ ይመለስና ቀሪውን በእግራችሁ ትጨርሱታላችሁ። አጥሩ ቆርቆሮ፣ በሩ ሰማያዊ ነው። ታፔላው ላይ «ዘይት ይጨመቃል» ከሚለው በቀር ምንም አልተጻፈም። ሰፈሩም «ዘይት ቤት» ይለዋል፤ እኔም ከዚያ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ሃያ ስድስት ዓመት የምግብ ጥራት ላብራቶሪ ውስጥ ቴክኒሽያን ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ ደንበኞቿን የምትቀባውን ቅባት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። «የት ነው የምታስጨምቁት?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛባት «እማዬ፣ አንዴ ጻፊውና ልገላገል» አለችኝ። ይኸው። ሦስት ወር ሙሉ ተመላልሼ፣ ያንኑ ጥሬ በተለያየ መንገድ አሠርቼ፣ መዝኜና አሽትቼ ነው የምጽፈው። ሁለት ጊዜም ተጣልተናል፤ እሱንም አልደብቅም።

ቤቱን የያዙት ወንድምና እህት ናቸው። እሱ መካኒክ ነው፤ መጭመቂያውን ፈታቶ የሚገጥመው፣ የእንፋሎት ማጣሪያውን ከማይዝግ ብረት በያጅ ያሠራው እሱ ነው። እሷ ኬሚስትሪ ተመርቃለች። ጓዳው ውስጥ ሰው የተጠቀመበት ሮታቫፕ፣ ማለትም አልኮል የሚያተን ዕቃ፣ እና በድምፅ ሞገድ የምትሠራ ትንሽ ሶኒኬተር አላቸው። የወደድኩላቸው የመጀመሪያው ነገር ግን ዕቃው አይደለም። ጆንያዬን መሬት ሳላሳርፍ ልጅቷ «ለምን ሊሆንዎት ነው?» አለችኝ። ለመጠጥ ነው፣ ለፀጉር ነው፣ ለማሽተት ነው ወይስ ሌላ ዘይት እንዳይበላሽ ለማቆየት? ከዚህ በፊት የሄድኩባቸው ሁለት ቦታዎች የጠየቁኝ «ስንት ኪሎ ነው?» ብቻ ነበር።

በጥቁር አዝሙዱ ልጀምር። ከአንድ ጆንያ ስድስት ኪሎ አበጥሬ ለሁለት ከፈልኩት። ሦስቱን ኪሎ ጥሬውን፣ ቀስ ብሎ በሚዞር መጭመቂያ። ሦስቱን ደግሞ እዚያው ምጣድ ላይ ቆልተው በትኩሱ። ቴርሞሜትሬን ይዤ ነው የምሄደው (ልጁ መጀመሪያ ላይ ሳቀብኝ፤ በኋላ ግን እሱም ገዛ)። ከጥሬው ሲወርድ የነበረው ዘይት 47 ዲግሪ ነበር፤ ከተቆላው 93። መጠኑን ስመዝነው ከጥሬው 810 ግራም፣ ከተቆላው 990 ግራም አገኘሁ። ስለዚህ ብዛት ብቻ ለሚያይ ሰው ነገሩ ያለቀ ነው፤ ቁላ፣ ጭመቅ፣ ውሰድ።

አሁን ቅመሱት። የጥሬው ዘይት ጉሮሮን ይይዛል፤ ከምላስ አልፎ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ያስነባል። ያ የሚለበልበው ነገር በአብዛኛው ቲሞኪኖን የሚባለው ነው፤ ጥቁር አዝሙድ ስሙን ያተረፈበት ንጥረ ነገር። ተናኝ ነው፤ ሙቀት አይወድም፣ ብርሃንም አይወድም። የተቆላው ዘይት ሽታው ቡና ቡና ይላል፣ ደስ ይላል፣ ለዳቦ ጥሩ ነው፤ ያ ልብለባ ግን የለውም። ከምጣዱ ላይ በጭስ መልክ ሄዷል፤ ጣሪያቸው ነው የጠጣው። ሰው ጥቁር አዝሙድ ለሆዱ፣ ለጉንፋኑ ብሎ ገዝቶ የሚወስደው ይህን የቡና ሽታ ከሆነ ገንዘቡን በከንቱ አፍስሷል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ ግን ያላሰብኩት ገጠመኝ። የተቆላው ቀድሞ ይበላሻል ብዬ ሁለቱንም ጠርሙስ ፍሪጅ አናት ላይ፣ ሞቅ የሚለው ቦታ አስቀመጥኳቸው። በሁለት ወር ውስጥ የተቆላው ምንም አልሆነም። ሲቆላ የሚፈጠረው ቡናማ ነገር ራሱ ዘይቱን የመጠበቅ አቅም እንዳለው ላብራቶሪ ሳለሁ አውቅ ነበር፤ ማወቅና በአፍንጫ ማረጋገጥ ግን ይለያያል። ስለዚህ ቆልተው ሲጨምቁ ሁሉ ነገር ይጠፋል ማለቴ አይደለም። የምትፈልጉት ነገር ነው የሚጠፋው ወይም የሚቀረው።

ከተጨመቀ በኋላ አምስት ቀን አስቀምጡት። አተላው ከታች ይተኛል፣ ከላይ ጥርት ያለውን ትቀዳላችሁ። እነሱ በዚያው ቀን በጨርቅ አጥልለው ሊሰጧችሁ ይፈልጋሉ፤ እምቢ በሉ። አተላ ያለው ዘይት ቶሎ ይሸታል። ፋጉሎውንም ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም፤ ይሸጡታል። የኑግ ስታስጨምቁ እንኳ ጠይቁ፤ የጎረቤቴ ላም በእኔ ፋጉሎ ነው የከረመችው።

ልጅቷን «ፋጉሎው ውስጥ የቀረውን ዘይት በሄክሴን ለምን አታወጡትም?» ብዬ ፈተንኳት። ሄክሴን ዘይት የሚያሟሟ ፈሳሽ ነው። መጭመቂያ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ከፋጉሎው ውስጥ ከአምስት እስከ አስር በመቶ የሚሆን ዘይት ይቀራል፤ በሄክሴን ከታጠበ ግን ከአንድ በመቶ በታች ይወርዳል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በዓለም ላይ የሚሠሩት በዚሁ ነው። «ማዘር፣ እሱን እዚህ ግቢ አናስገባም» አለችኝ። ከልቤ አደነቅኳት። ሄክሴን በ69 ዲግሪ የሚፈላ፣ እንፋሎቱ ከአየር የሚከብድ ፈሳሽ ነው፤ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄዶ ጎረቤት ቤት ያለውን የከሰል ምድጃ ያገኛል። ለዓመታት የሚተነፍሰውን ሰው ደግሞ የእጅና የእግሩን ነርቭ ይጎዳል፤ በጫማ ማጣበቂያ የሚሠሩ ሰዎች ላይ የታወቀ ነገር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ተዘግቶ፣ ተመልሶ ተሰብስቦ፣ ቅሪቱ ተለክቶ ነው የሚሠራበት። አውሮፓውያን በአንድ ኪሎ ዘይት ውስጥ ከ1 ሚሊግራም በላይ ቅሪት አይፈቅዱም። የቆርቆሮ አጥር ውስጥ ያንን ማን ይለካዋል?

ሄክሴንን ግን በክፉ ብቻ ማንሳት ውለታ መርሳት ይሆንብኛል፤ ግማሹን የሥራ ዘመኔን አብሬው ነው ያሳለፍኩት። ሶክስሌት የሚባለውን የመስታወት ዕቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጀርመናዊው ፍራንዝ ፎን ሶክስሌት እ.ኤ.አ. በ1879 የወተት ስብ ለመለካት ያወጣው ነው። የተፈጨው እህል ከወፍራም ወረቀት በተሠራ ጣት በሚመስል ከረጢት ውስጥ ይገባል። ከታች አሟሚው፣ ማለትም ዘይቱን አሟሙቶ የሚያወጣው ሄክሴን፣ ይፈላል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቅዞ በእህሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ዕቃው ሲሞላ በጎኑ ባለች ቀጭን ቱቦ «ጉርርር» ብሎ ራሱን ይገለብጣል፤ እንደገና ይሞላል። ስድስት ሰዓት። ጠዋት ለኩሰን፣ ምሳችንን በልተን፣ ሐሜታችንን ጨርሰን ስንመለስ የመጨረሻዋ ጠብታ ዘይት ሳትቀር ወጥታለች። ለመለካት እንደሱ ያለ የለም። ለመቀባትና ለመብላት ግን ስድስት ሰዓት ሲፈላ የዋለ ዘይት እኔ አልመርጥም።

ወደ ጥብስ ቅጠሉ እንሂድ፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ነው። ሮዝመሪ ማለቴ ነው። ለልጄ ሥራ ሁለት ነገር እፈልግበታለሁ፦ ሽታውንና ዘይት የማቆየት ኃይሉን። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ አይደሉም።

ሽታውን የሚያወጣው እንፋሎት ነው። ሦስት ኪሎ ደረቅ ቅጠል አስገባን፤ ወንድምየው ከታች ውሃ አፈላ። ቴርሞሜትሬ 91 ዲግሪ አለ። ሱሉልታ ከፍታዋ ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ መቶ ሳይደርስ ይፈላል፤ አዲስ አበባም ውስጥ ከ92 ብዙ አያልፍም። ሮዝመሪ ውስጥ ካሉት ሽታዎች አንዱ ሲኒዮል ነው፤ የነጭ ባሕር ዛፍም ዋና ሽታ እሱ ነው። ብቻውን ቢሆን 176 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆይ ነበር፤ ከእንፋሎት ጋር ሲሆን ግን ተሳፍሮ በ91 ይወጣል። ይህን ባየሁ ቁጥር ያስገርመኛል። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠብቀን 38 ሚሊ ሊትር ዘይት ከውሃው በላይ ሰፈፈ። የሱሉልታ የቧንቧ ውሃ በረዶ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ምንም አልለቀቀም፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ አገር የለም። ግን ሦስት ኪሎ ቅጠል ለ38 ሚሊ! ብዙ ቅጠል ከሌላችሁ ለልባችሁ ስብራት ነው።

እና ያ ዘይት ሽታ ነው። የሮዝመሪ ዋና አንቲኦክሲዳንቶች፣ ማለትም ዘይት እንዳይበላሽ የሚያቆዩት ካርኖሲክ አሲድና ሮዝማሪኒክ አሲድ፣ ከእንፋሎት ጋር አይሳፈሩም፤ ከበዱ። ቅጠሉ ውስጥ ቀርተው ከእሱ ጋር ይጣላሉ። እነሱን የሚፈልግ ሰው አሟሚ ያስፈልገዋል። አሟሚውን መምረጥ ደግሞ ሽማግሌ እንደ መምረጥ ነው፤ ከሁለቱም ወገን የሚግባባ መሆን አለበት። ሮዝማሪኒክ አሲድ ውሃ ይወዳል። ካርኖሲክ አሲድ ውሃ አይወድም፤ አልኮልና ዘይት ነው ዘመዱ። ንጹሕ አልኮል ብታደርጉ አንዱ ይጎድላል፣ ውሃ ብቻ ብታደርጉ ሌላው ይቀራል። ሰባ በመቶ አልኮል፣ ሠላሳ በመቶ ውሃ ሲሆን ሁለቱም ይወጣሉ። ውሃው ደረቁን ቅጠል ያሳብጠዋል፣ አልኮሉ ገብቶ ይዘርፈዋል።

አራት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ኪሎ አሠራሁ። ቅጠሉን እንደ ሽሮ ሳይሆን እንደ ቅንጬ ነው የምታስፈጩት፤ ከላመ ማጥለያውን ይደፍነዋል፣ ልጅቷም ትቆጣለች።

በውሃ ያፈላነው ቡናማ፣ መራራ፣ ሽታው የሚጣፍጥ ነገር ሆነ። በአምስተኛው ቀን ፍሪጅ ውስጥ ሻገተ። በቃ፣ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ለዕለቱ ፀጉር መታጠቢያ ካልሆነ አታሠሩት።

በሰባ በመቶ አልኮል ሦስት ቀን ያለ ሙቀት የዘፈዘፍነው፣ አልኮሉ ከተነነ በኋላ 95 ግራም ጥቁር አረንጓዴ ዝልግልግ ሰጠ። እዚያው አልኮል ውስጥ ሶኒኬተር ላይ በ40 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት፣ ሁለት ዙር፣ ደግሞ 112 ግራም። ሶኒኬተር ማለት ውሃ የያዘች ገንዳ ናት፤ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ውሃው ውስጥ ደቃቅ አረፋ እየፈጠረች ታፈነዳለች፤ አረፋው ሲፈነዳ የቅጠሉን ግድግዳ ይሰብራል። ጆሮ አይሰማውም ይባላል እንጂ እኔ ጥርሴ ውስጥ የሚንጫረር ነገር ይሰማኛል። ሦስት ቀን የሚወስደውን በአንድ ሰዓት ጨረሰችው፣ ያውም በልጦ። አራተኛውን አልኮሉን አፍልተን ሠራነው፤ መጽሐፉ 78 ዲግሪ ይላል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ንጹሑ አልኮል 71 አካባቢ ይፈላል። 126 ግራም ወጣ። ይበልጣል። ግን ጠቆረ፣ ሰሙም አረንጓዴውም ሁሉ ተግበስብሶ መጣ፤ ስመዝን ደስ ያለኝ ሳሸት ጠፋ። ክብደት ሁሉ የምትፈልጉት ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ እናቴን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ነው። እሷ አሟሚ የሚለውን ቃል ሰምታ አታውቅም። ግን ቅቤ ስታነጥር እሳቱን ታሳንስና ኮሰረትና በሶብላ፣ ኮረሪማና አብሽ ጨምራ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። «ካንተከተከ ገደልሽው» ትለኛለች። ቅቤ አሟሚ ነው። ስብ የሚወደውን ሁሉ ከኮሰረቱ ይወስዳል፤ ውሃው ደግሞ ይተንናል፤ ለዚያ ነው ነጥሮ የተቀመጠ ቅቤ ዓመት ከርሞ የማይከረፋው። የሱሉልታዎቹ ልጆችም በዚሁ መንገድ ጥብስ ቅጠልን በኑግ ዘይት ውስጥ፣ ከውሃ ላይ በ60 ዲግሪ፣ አራት ሰዓት ይሠራሉ። ለፀጉር ቅባት እኔ አሁን ይህንን ነው የማዘው። የሚተን ነገር የለው፣ የሚቀር ነገር የለው፣ አልኮል አያስፈራ፣ ዋጋውም ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ጠቡ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ሮታቫፑ የሚሠራው በቫኪዩም ነው፤ አየሩ ሲመጠጥ አልኮሉ በ40 ዲግሪ ይተናል፣ ቅጠሉ የሰጠን ነገር አይቃጠልም። መብራት ከሌለ ቫኪዩም የለም። ልጅቷ ከተማ ሄዳለች። እኔ ደግሞ ጠዋት ደውዬ «ዛሬ ካልወሰድኩት ልጄ ትገድለኛለች» ብያለሁ። ገና የግቢውን በር ሳልፍ የአልኮል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወንድምየው ክፍሉን ዘግቶ፣ መስኮቱን ደፍኖ፣ ቡታጋዝ ለኩሶ፣ ውሃ ላይ ድስት አስቀምጦ የኔን ሁለት ሊትር አልኮል እያተነነ ነው!

«አጥፋው! አንተ ልጅ፣ አጥፋው!»

«ማዘር ቀስ ብዬ ነው፤ ቶሎ ስላሉኝ እኮ ነው።»

ቫልቩን ራሴ ዘጋሁት። በሩንም መስኮቱንም ከፈትኩ። ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝና ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ባልደረባችን ቅንድቡን እንዴት እንዳጣ ነገርኩት፤ ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ጥፋቱ የሱ ብቻ አልነበረም፤ ያጣደፍኩት እኔ ነኝ። ድስቱ ዳር ላይ የደረቀው ጠቁሮ የተቃጠለ ስኳር ይሸት ነበር። ልጅቷ ስትመጣ ምንም ሳልጠይቃት ከራሳቸው ቅጠል ሌላ ሠርታ ተካችልኝ። ቅጠሉ የኔ ስላልሆነ በንጽጽሬ ውስጥ አላስገባሁትም።

ሁለተኛው ጠብ ጸጥ ያለ ነበር። አልኮሉ ያለበትን ጀሪካን «አሳዩኝ» አልኩ። ወረቀቱ ተልጧል። «ከየት ነው?» አልኩ፤ «ሰው ነው የሚያመጣልን» አለች። ኬሚስት ሆና! ኢታኖል (የሚጠጣው አልኮል) እና ሜታኖል (መርዙ) በመልክ አይለዩም። ሜታኖል ይረክሳል፣ በ65 ዲግሪ ይፈላል፣ ቅጠሉንም ከኢታኖል ባላነሰ ያወጣል፤ ለዚያ ነው ላብራቶሪ ውስጥ የሚወደደው። ግን ትንሽ ጉንጭ ዓይን ያጠፋል፣ በቆዳም ይገባል። ለጽዳት የሚሸጠው አልኮል ውስጥም ሊኖር ይችላል። «በሽታው ለይቼዋለሁ፣ በነበልባሉ ቀለም ለይቼዋለሁ» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ልጅቷ አልተከራከረችኝም፤ ጀሪካኑን ለዕቃ ማጠቢያ ለየችው። ከዚያ ወዲህ የራሴን አልኮል ወረቀቱ ያልተላጠ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ ገዝቼ ይዤ እሄዳለሁ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ጎረቤቴ «ዳግም አረቄ አይሆንም ወይ?» ብላኝ ነበር፤ ጤና አዳም ለመዘፍዘፍ ይበቃል፣ ለዚህ ሥራ ግን ይደክማል፤ ከግማሹ በላይ ውሃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በማሳየት ይመኩበታል። ዲፒፒኤች የሚባል ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፈሳሽ በትንሽ ብርጭቆ ይቀዱና ከኤክስትራክታችሁ፣ ማለትም በአሟሚ ከወጣላችሁ ዝልግልግ፣ አንድ ጠብታ ይጨምሩበታል። ወይን ጠጁ ዓይናችሁ እያየ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ደንበኛው ሁሉ «ወይ ጉድ» ይላል። ያምራል፤ እኔም አሥር ጊዜ አይቼው አልጠገብኩም። ግን ብርጭቆ ውስጥ ቀለም ቀየረ ማለት ሆድ ውስጥ በሽታ ያባርራል ማለት አይደለም። ልጅቷ ይህን ታውቃለች፤ ወንድሟ ግን ለደንበኛ ሲያስረዳ ትንሽ ይዘላል።

እኔ በቤቴ ያደረግኩት ፈተና ይሻለኛል። አራት የሻይ ብርጭቆ የኑግ ዘይት ፍሪጅ አናት ላይ ደረደርኩ። አንዱ ባዶውን። ሁለተኛው ላይ የእንፋሎቱን ሽታ ዘይት ጠብ አደረግኩ። ሦስተኛው ላይ የሶኒኬተሩን ዝልግልግ። አራተኛው ላይ በውሃ የተፈላውን፣ እሱም አልዋሃድ ብሎ ከታች ተኛ። ባዶው በሦስተኛው ሳምንት የቀለም ቆርቆሮ የተከፈተ መሰለ፤ ኑግም ተልባም ሲበላሹ እንደዚያ ነው የሚሸቱት፤ የተልባ ዘይት ድሮም ለቀለም ሥራ የሚውለው በዚሁ የመድረቅ ባሕሪው ነው። የሽታ ዘይቱ ያለበት ከላይ ጥብስ ጥብስ ይላል፣ ከሥሩ ግን ያው ቀለም ነው። የሶኒኬተሩ ስድስተኛ ሳምንቱን ሲጨርስ ገና ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። አውሮፓ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ የሮዝመሪ ኤክስትራክትን ኢ392 ብሎ ለምግብ ማቆያ የፈቀደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጓጉቼ አምስተኛ ብርጭቆ፣ ያንኑ ዝልግልግ ያለበትን፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ አኑሬ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሸተተ። ጠባቂው ራሱ ሌባ ሆነ፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል ነዋ፣ ብርሃን ሲያገኝ ዘይቱን ያፋጥነዋል። ልጅቷን ስነግራት «በአክቲቭ ካርቦን ላጥራልዎት?» አለች፤ የማጣሪያ ከሰል ማለቷ ነው። አጠራችው፤ ቀለሙ ፈካ፣ ግን ኃይሉም አብሮ ትንሽ ቀነሰ፤ ከሰል ሲመርጥ አያውቅም። እኔ ሳይጠራ ወስጄ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጡን መርጫለሁ።

ማይክሮዌቭ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ውሃንና አልኮልን ከውስጥ ያሞቃል፣ ሄክሴንን ግን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። ለዚህ የተሠራ የላብራቶሪ ማይክሮዌቭ አለ፤ የወጥ ቤቱን አልኮል አታስገቡበት፣ ሌላ ወሬ የለም። ከሁሉ የሚያምረው ደግሞ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከ31 ዲግሪና ከ74 ባር ግፊት በላይ ሲሆን ጋዝም ፈሳሽም ያልሆነ ነገር ይሆንና ዘይቱን አውጥቶ፣ ግፊቱ ሲለቀቅ በኖ ይሄዳል፤ ሽታም ቅሪትም አይተው። ሱሉልታ የለም። እንዲኖር ግን ልጅቷ ሎተሪ ቆርጣ ነው ያለችው።

ዋጋ፦ ለጭመቃ በኪሎ 80 ብር ከፍያለሁ፣ ለተቆላው 95። የእንፋሎቱ በአንድ ዙር 900፣ ቅጠሉ ሞላም ጎደለም ያው ነው፤ ስለዚህ ሞልታችሁ ሂዱ። የአልኮሉ ከራሴ አልኮል ጋር በግማሽ ኪሎ 650። ደረሰኝ ስጡኝ ስል በእጅ የተጻፈ ነው የሰጡኝ። ጠርሙስ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በደንብ የደረቀ፤ እነሱ የሚሰጧችሁ የውሃ ሃይላንድ ነው፣ እኔ አልመርጠውም። ሰኞ አትሂዱ፣ ገበያ የዋለ እህል ሁሉ እዚያ ነው የሚሰለፈው። ወረፋ ላይ ሻይ አለ፣ ጥሩ ሻይ።

ከቡታጋዙ ወዲህ ወንድምየው አንድ ልማድ አውጥቷል። የኔ ሥራ ሲኖር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይደውልልኛል። ሰላምታም አያበዛም።

«ማዘር፣ መብራት አለ።»

ዛሬም ደውሏል። ሁለት ኪሎ ኮሰረት አበጥሬ አስቀምጫለሁ፣ ቴርሞሜትሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ልወጣ ነው።